የዋንዛው ምንሽር

ፒክአፑ ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ ጉልት አምባ የሚያስገባውን የጠጠር መንገድ ሲይዝ አቧራው ከኋላው ተነሥቶ በየአውድማው ላይ ወረደ። ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት፣ ታኅሣሥ ነው። ጤፍ የሚወቁት ሰዎች መንሻቸውን አቁመው መኪናው በየት በኩል እንደሚታጠፍ ተመለከቱ። በዚያ ዓመት የፖሊስ መኪና በመጣ ቁጥር ገበሬው የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደኔ ነው ወይስ ወደ ጎረቤቴ? ወደ ጎረቤት መሆኑ ሲረጋገጥ መንሹ ይነሣል፣ በሬዎቹም መዞራቸውን ይቀጥላሉ።

ጠራቢው ባዬ በትከሻው አዲስ ቀንበር ተሸክሞ የመንገዱን ዳር ይዞ ይሄድ ነበር። መኪናው አጠገቡ ሲደርስ ቆመ።

«ሰውዬ፣ ወዴት ነው?» አለው ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ኢንስፔክተር።

«ቀንበር ላደርስ ነው ጌታዬ።»

«ቀንበሩ አይሸሽም። ከኋላ ውጣ፤ ታዛቢ ነህ።»

ፍተሻ ያለ ሁለት ታዛቢ አይደረግም የሚል ሕግ አለ። የፍርድ ቤት ወረቀትም ያስፈልጋል የሚል ሕግ ነበረ፤ እሱ በዚያ ዓመት ዕረፍት ወጥቷል። የታዛቢው ሕግ ግን ማንንም ስላላስቸገረ በሥራው ላይ ነበር።

ባዬ ቀንበሩን አስቀድሞ ወርውሮ ተከትሎት ወጣ። ከኋላ ሦስት ፖሊሶች ተቀምጠዋል። ከእነሱ መካከል፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦና ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ፣ ሠርግ እንደተጠራ ሰው የእድሩ ዳኛ አቶ ክንፈሚካኤል ተመቻችቶ ተቀምጧል። ክንፈሚካኤል በቀበሌው ውስጥ የተደረገ ፍተሻ አምልጦት አያውቅም። ሳይጠራ ይመጣል። ታዛቢ ሲጎድል ሌላውን የሚጠቁመውም እሱ ነው።

«ና ባዬ፣ ና ወዲህ። አንተን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። አንተ ዝምተኛ ነህ፣ ለዚህ ሥራ ትሆናለህ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«ምን ይገርምሃል፣ ሰው ፍተሻ ሲባል ይርበተበታል። ቤቱ ንጹሕ የሆነ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

ይህን ቃል ባዬ ቀድሞም ሰምቶታል። ባለፈው ወር ቡሬ ላይ የጨርቅ ነጋዴውን የኢሳን ቤት ሲያገላብጡት፣ ሚስቱን ራዲያንም በሌሊት ልብሷ ደጅ ሲያቆሟት፣ ወሬው እድሩ ስብሰባ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ክንፈሚካኤል «ያለ ነገር አይፈተሽም» አለ። ኢሳ ቤት ምንም አለመገኘቱ ሲነገረው ደግሞ «እንግዲያው አስቀድሞ አሽሽቶታል» አለ። ተሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። ባዬም ነቅንቋል። ስብሰባው ከዚያ ወደ ድንኳኑ ገመድ ጉዳይ አለፈ።

«ማን ቤት ነው?» አለ ባዬ።

«የስንሻው ቤት።»

ባዬ ከዚያ በኋላ ምንም አልተናገረም። ዝምተኛ ተብሎ ስለተመረጠ የታዘበው ሰው አልነበረም።

አያ ስንሻው ከሞተ ሳምንቱ ነው፤ ድንኳኑ ከደጁ ከተነቀለ ገና ቀናት ናቸው። ከአባቱ የወረሰው ምንሽር ነበረው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ጠብመንጃ። የማያውቀው ነገር፣ ስንሻው ያንን ምንሽር ከሁለት ዓመት በፊት መሸጡን ነው። የሚስቱ የእማዋይሽ ዓይኖች ሞራ ለብሰው እጇን ይዘው የሚመሯት ሆና ነበር። ስንሻው በጨለማ ወጥቶ ምንሽሩን ለአንድ ሰው ሰጠ፣ እሷን ባሕር ዳር ወሰዳት፣ ዓይኗ በራ። ማንገቻውን ብቻ ለገዢው አልሰጠም፤ የአባቱ ላብ ያለበት ቆዳ ነው ብሎ አስቀረው። ከዚያ ወዲህ ሠርግም ለቅሶም ሲጠራ ወገቤን አሞኛል እያለ ቀረ። ጠብመንጃውን ሸጦ የሚስቱን ዓይን የገዛ ሰው በዚያ አገር የሚሰደብ አይመስልም ይሆናል። ይሰደባል።

ሲሞት ታዲያ ለቅሶው መጣ። በጎጃም ወግ ትልቅ ሰው ሲለቀስለት ልብሱና ጠብመንጃው በሰው ትከሻ ሆነው ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራሉ። እማዋይሽ ማንገቻውን በነጠላዋ ሸፍና ባዬ ዘንድ መጣች።

«አያ ባዬ፣ ለዚህ ማንገቻ ጠብመንጃ ሥራልኝ።»

«ከምን?»

«ከምንም። ያለ ምንሽሩ ተለቀሰለት ሲባል ከምሰማ ይቺው ዓይኔ መልሳ ትጥፋ። በሷ ነው የሄደው።»

ባዬ ለሟቹ ሣጥን ካዘጋጀው ዋንዛ ትራፊውን ወሰደ። በመጥረቢያ ቀርፆ፣ በመሮ አስተካክሎ፣ በጥላሸትና በተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠቆረው። ሰደፍ፣ ቃታ፣ ማቀባበያ ሁሉ አወጣለት። በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ለማንም እንደማይተነፍስ ማለላት። ገዢው ማን እንደነበር አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ለቅሶው የተሳካ ነበር። ልጇ ይታገሱ ምንሽሩን ተሸክሞ ሲዞር አልቃሿ ተቀበለችው፤

የስንሻው ምንሽር ምነው ዝም አለሳ፣
ጌታው ቢተኛበት ተኛ እንደ ሬሳ።

ሕዝቡ ደረቱን መታ። ክንፈሚካኤል ከሁሉም ይልቅ አለቀሰ። ከፍኖተ ሰላም የመጣችው የስንሻው የልጅ ልጅ ሀኒ ደግሞ በስልኳ ቀረፀች። ኔትወርክ በጠፋበት ዓመት ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ በእጅ እየተሻገረ ሄዶ ሄዶ አንድ መለዮ የለበሰ ሰው ስልክ ላይ ደረሰ።

መኪናው ከስንሻው ደጅ ሲቆም እማዋይሽ ብቅ አለች። ራሷን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች። ከፖሊሶቹ አንዱ የአካባቢው ልጅ ነበርና የለቅሶ ቤት በር ላይ መድረሱን ሲያይ አፉ ከልማዱ ቀድሞት «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ከዚያም በሩን በእግሩ በረገደው።

«ቤት ለእንግዳ» አለች እማዋይሽ። «ግቡ እንጂ፣ የለቅሶው እህል አላለቀም።»

«እናመሰግናለን እማማ። ቆመን ነው የምንሠራ» አለ ኢንስፔክተሩ። ሠርክአዲስ ይባላል፤ ቀጭን፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። «ባለቤትዎ ያልተመዘገበ ጠብመንጃ ነበራቸው። ይስጡንና እንሂድ።»

ይታገሱ ከአውድማ እየሮጠ ደረሰ፤ ገለባው በፀጉሩ ላይ ነበር።

«ወረቀት አላችሁ?» አለ።

«የምን ወረቀት?»

«የፍርድ ቤት። ሰው ቤት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አይገባም። ተምረናል።»

«የት ነው የተማርከው?»

«ሥነ ዜጋ።»

«ስንት አመጣህ?»

«ዘጠና ሁለት።»

«ጎበዝ» አለ ኢንስፔክተሩ ከልቡ። በጥፊ የመታው ከዚያ በኋላ ነው።

ታዛቢዎቹ ከግቢው ዳር በቅንጭቡ አጥር በኩል ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ ታዘዙ። ቤቱ ከጀርባቸው ሆነ። ስለዚህ ባዬ ፍተሻውን የታዘበው በጆሮው ነው። እንደ ዕድል ሆኖ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው እንጨት አብዛኛው የእጁ ሥራ ነበርና ለማወቅ አልተቸገረም። ቋ ያለው የሙሽርነት አልጋቸው ነው፤ ወይራ እግር ያለው፣ በቀላሉ አይሰበርም፤ ሁለቴ መቱት። ዘጭ ያለው ሣጥን ነው። ከዚያ የጎተራው መናድ መጣ፣ ተከትሎም ጤፍ መሬት ላይ ሲፈስ የሚያሰማው ያ ረዥም የሽርርር ድምፅ። ቀጥሎ ዶማ መደቡን ይቆፍር ጀመር።

«ጤፉን እንኳ በቁና አድርጋችሁ...» የሚል የእማዋይሽ ድምፅ ተሰማ።

«ዝም በይ አንቺ!» አለ ኢንስፔክተሩ። ከእማማ ወደ አንቺ ለመውረድ አንድ ጎተራ ፈጀበት።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ሴት ድምፅ «ምን አግኝተውባቸው ይሆን?» አለ። ሌላው መለሰ፤ «እኔ እንጃ፣ መቼም ያለ ነገር አይመጡም።»

«ሰማህ?» አለ ክንፈሚካኤል ለባዬ በሹክሹክታ። «ሕዝቡ ያውቃል።» ግንባሩን ግን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። ጥላ ሥር ነበር የቆሙት።

ጠብመንጃ አልተገኘም። ኢንስፔክተሩ ወጣና ስልኩን ይታገሱ አፍንጫ ሥር አስጠግቶ ቪዲዮውን ከፈተለት። አልቃሿ ከስልኩ ውስጥ ጮኸች።

«ይህ የተሸከመው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የተሸከምከውስ?»

ይታገሱ እናቱን አየ። እናቱ እንዳትናገር በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«የለም» አለ።

«ገመድ አምጡ» አለ ኢንስፔክተሩ። «ዱላም...» ዞር ዞር ሲል መኪናው ላይ ያለውን ቀንበር አየ። «ያን አውርዱት። ጥሩ ቀንበር ነው።»

የይታገሱን እጆች ከጉልበቶቹ ሥር አሳልፈው አሰሩና ቀንበሩን በመሐል አሾልከው፣ ሁለቱን ጫፎች በተገለበጡ ሙቀጫዎች ላይ አሳረፉት። ወፌ ላላ የሚሉት ነው። ልጁ ራሱ ወደታች፣ እግሩ ወደ ሰማይ ሆኖ ተንጠለጠለ። ቀንበሩ ምንም አላቃሰተም፤ ባዬ ለሁለት በሬ ልክ ነበር የሠራው። ውስጥ እግሩን በጎማ መግረፍ ሲጀምሩ እማዋይሽ በጉልበቷ መሬት ላይ ሄዳ የኢንስፔክተሩን ጫማ ያዘች። ኢንስፔክተሩ ጫማውን አላቀቀና አቧራውን በሱሪው አበሰ።

«ተናገሪያ! የት ነው?»

የእማዋይሽ ዓይን ባዬን ፈልጎ አገኘው። ባዬ ወደ አጥሩ ዙር ቢባልም ዞሮ ያይ ነበር፤ የሚያየውም የራሱን ቀንበር ነው። ዓይኗ ጊዮርጊስን አስታውስ ይለዋል። ከቀንበሩ ሥር ደግሞ ይታገሱ እንደ ጥጃ ይጮሃል።

«እንጨት ነው!» አለ ባዬ።

ጎማው ቆመ።

«እንጨት ነው ጌታዬ። ምንሽሩ ድሮ ተሽጧል። ለለቅሶው ብላ... እኔ ነኝ የጠረብኩት። ጭድ ክምሩ ውስጥ ነው።»

እማዋይሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ባዬ ዞሮ ሲያይ ክንፈሚካኤል ብቻ አልደነገጠም። ባዬ ይህን ቢያይም ለጊዜው ምን ማለት እንደሆነ አልገባውም።

አንዱ ፖሊስ ክምሩን በትኖ በስንሻው ኩታ የተጠቀለለ ነገር አመጣ። ኢንስፔክተሩ ፈትቶ አነሣው፣ በአንድ እጁ መዘነው፣ ሰደፉን በጣቱ ኳኳ። ዋንዛ የእንጨት ድምፅ ነው ያለው።

መጀመሪያ የሳቁት ፖሊሶቹ አይደሉም። ከአጥሩ ማዶ ነው አንዱ ፍርፍር ብሎ የጀመረው። «በሞቴ! ለዱላ ነው ያስለቀሱን?» ሌላው ቀጠለ፤ «ደረቴ እስካሁን አብጧል እኮ!» ከዚያ ግቢውም ደጁም ሳቀ። ከሳምንት በፊት ያለቀሰለት ሕዝብ አያ ስንሻውን ሁለተኛ ቀበረው፤ በዚህኛው ቀብር ላይ የጎደለ ሰው አልነበረም። ፖሊሶቹ ይታገሱን ከቀንበሩ አውርደው አብረው ሳቁ። ኢንስፔክተሩም ፈገግ አለ።

«ሥራው ግን ሥራ ነው» አለ ምንሽሩን እያገላበጠ። «ማቀባበያው ይንቀሳቀሳል ልበል?»

«ይንቀሳቀሳል» አለ ባዬ። ሳቁ ቆጭቶት ነበርና እጁን ያመሰገነው ያ ሰው ብቻ መስሎ ታየው። «ቸኩዬ ነው እንጂ። ሌላ ብሠራ ይበልጥ ይሳካ ነበር።»

«ሌላ» አለ ኢንስፔክተሩ። ፈገግታው ከፊቱ ወርዶ አለቀ። «ጫካ ያሉት ልጆች የሚለማመዱት በምንድን ነው ባዬ? ሁሉም ክላሽ አለው?»

«እኔ እንጃ ጌታዬ።»

«በእንጨት ነው። ስንት ሠራህላቸው?»

«ይህን አንድ። ለለቅሶ።»

«ለለቅሶ የሚሆን ጠብመንጃ ማቀባበያው ለምን ይንቀሳቀሳል?»

ባዬ መልስ ፈለገ። መልሱ፣ እንጨት በእጁ ሲገባ ግማሽ አድርጎ መተው አያውቅም የሚል ነበር። ይህን ቢናገር እንደሚብስበት ግን አሁን ገባው። ዝም አለ። ዝምታውም እንደ መልስ ተወሰደለት፤ እጁን በይታገሱ ገመድ ትራፊ አሰሩት። ከአጥሩ ማዶ ሳቁ ጠፋ። «አይ ባዬ፣ ዝም ይል ነበር እኮ» አለ አንዱ። «ዝምተኛ ነው የሚያስፈራኝ» አለ ሌላው።

«በቃ» አለ ክንፈሚካኤል ጃንጥላውን እያነሣ። «ነገሩ ተጣራ። እኔ ልመስክርና ልሂድ፣ አውድማዬ ላይ ሰው አሰማርቻለሁ።»

«ቆይ አባባ።» ኢንስፔክተሩ እማዋይሽ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነጠላውን ከፊቷ ቀስ አድርጎ ገለጠ። ድምፁ መልሶ ለስልሷል። «እማማ፣ ይህ እንጨት ነው እንበል። እውነተኛው ተሽጧል። ማን ገዛው? ስሙን ይንገሩኝና ልጅዎን ልፍታ።»

ክንፈሚካኤል ጎንበስ አለ፤ የሚያጽናና ሰው ይመስላል።

«እማዋይሽ፣ እህቴ» አለ። «ስንሻው አፈር አልደረቀበትም። የእድሩም ድንኳን ከደጅሽ ገና መነቀሉ ነው። ነገ ለአንቺም ይተከላል። አስቢበት።»

ባዬ ያ ያልደነገጠው ፊት ምን ማለት እንደነበር አሁን ተረዳ። ክንፈሚካኤል በየፍተሻው መኪና ላይ ለምን ተቀምጦ እንደሚውልም ገባው፤ ለካ ፖሊስ የማይፈትሸው አንድ ቦታ ፖሊስ ራሱ የተቀመጠበት ወንበር ነው።

እማዋይሽ ልጇን አየች። ይታገሱ መሬት ላይ በጎኑ ተኝቶ ውስጥ እግሩን ላለማስነካት ከጉልበቱ አጥፎታል።

«ዓይኔን ያበራልኝ እሱ ነው» አለች በጣቷ እያሳየች። «ክንፈሚካኤል። ውለታው አለብኝ። ማንገቻ የሌለው ምንሽር ቤቱ ታገኛላችሁ። ማንገቻው ይኸው፣ እንጨቱ ላይ ነው።»

«ውሸት ነው!» አለ ክንፈሚካኤል። «ኢንስፔክተር፣ ሐዘንተኛ ናት፣ የምትለውን አታውቅም። እኔን ታውቀኛለህ!»

«አውቅዎታለሁ አባባ። ቤትዎ ንጹሕ ነው፣ አይደል?»

«ንጹሕ!»

«እንግዲያው ምን ያስፈራዎታል?»

ክንፈሚካኤል አፉን ከፈተ። ከዚያ ሕይወቱን በሙሉ ያላሰበውን ነገር አሰበና ተናገረው።

«ወረቀት... የፍርድ ቤት ወረቀት ይዛችኋል?»

ከሙቀጫው አጠገብ የተኛው ይታገሱ ሳቀ። ስቃይ ያለበት አጭር ሳቅ ነበር፤ አንዱ ፖሊስ በጫማው አስቆመው።

ክንፈሚካኤልን ጋቢውን አስወልቀው ጫኑት። ባዬን ጫኑት። ቀጥለው ይታገሱን ሲያነሡ እማዋይሽ ተነሥታ መንገዱን ዘጋች።

«ልጄን እፈታለሁ ብለሃል። ስም ሰጥቻለሁ።»

«ስሙ ለእውነተኛው ጠብመንጃ ነው እማማ» አለ ኢንስፔክተሩ በትዕግሥት። «ልጅዎ የተያዘው በእንጨቱ ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

የዋንዛውን ምንሽር በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊት ተቀመጠ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ያኔ አንዱ ፖሊስ ከኋላ ጮኸ።

«ኢንስፔክተር! ታዛቢ የለንም። ሁለቱም ታስረዋል።»

ኢንስፔክተሩ በመስኮቱ ወደ አጥሩ ተመለከተ። ከአጥሩ ማዶ የነበረው ሕዝብ አውድማው ትዝ ብሎት ሄዷል፤ በርቀት መንሹ ሁሉ ተነሥቶ ጤፉ በነፋስ ላይ ነበር። በግቢው ውስጥ የቀረች አንዲት ሴት ናት።

«አንቺ ነይ» አለ። «ሌላውን መንገድ ላይ እናገኛለን።»

እማዋይሽ የፈሰሰውን ጤፍ ተራምዳ፣ ነጠላዋን አስተካክላ መኪናው ላይ ወጣች። ፖሊሶቹ ጠጋ አሉላት። ከልጇ አጠገብ ቦታ ነበረ፤ እዚያ ተቀምጣ የቆሰለውን እግሩን አንሥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችው። መኪናው ወደ ክንፈሚካኤል ቤት ታጠፈ። በየአውድማው ያሉት ሰዎች መንሻቸውን አቁመው ተመለከቱ፤ ወዴት እንደታጠፈ ካዩ በኋላ ቀጠሉ።